"ናር" ብቻ የሚነበብበት ሌንስ

አጎቴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ነበረው። ሰፈሩ ሊፈርስ ሲል ዕቃ ስናወጣ ከመደርደሪያ ጀርባ አንድ ዝገት የበላው የብስኩት ቆርቆሮ አገኘሁ፣ ስከፍተው በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ የነሐስ ሌንስ ነው፣ ከበድ ያለ፣ ሻተር (ብርሃኑን ከፍቶ የሚዘጋው ክፍል) የሌለው፣ ዝም ብሎ ቱቦ ሆኖ መሀሉ ላይ የብርሃን መግቢያውን የሚያሰፋና የሚያጠብ፣ የሚዞር የአፐርቸር ቀለበት ያለው። ጋሼ ይሄ የምንድነው ስለው "የትልቁ የእንጨት ካሜራ ነበር፣ ካሜራውን ምስጥ በላው እሱ ቀረ፣ አንተ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለህ ውሰደው" አለኝ። እውነቱን ነው። እንጀራዬ የሰርግ ፎቶ ነው፣ እሱ በዲጂታል ነው፣ ለራሴ ግን 4 በ5 ኢንች በሆነ የእንጨት ካሜራ ነው የማነሳው፣ ከአንድ አናጢ ጋር ሆነን የሰራነው ነው፣ የጎደለኝ ጥሩ ሌንስ ነበር።

ችግሩ ማን እንደሰራው አይታወቅም። ስሙ የተቀረፀበትን የፊት ቀለበት ጋሼ በወጣትነቱ ብርሃን እንዳያንፀባርቅ ብሎ ጥቁር ቀለም ቀብቶታል፣ በአጉሊ መነፅር ሳየው የሚነበቡት የስሙ መጨረሻ ፊደላት ብቻ ናቸው፣ "ናር" ይላል። እኔም ወዲያው ክሴናር ነው ብዬ ደመደምኩ። ክሴናር የጀርመኑ የሽናይደር ሌንስ ነው፣ ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በብዛት የተሰራ፣ ቆርቆሮው ላይ ሳይቀር በማርከር ክሴናር ብዬ ፃፍኩበት፣ ሁለት ወር ሙሉ ለጠየቀኝ ሁሉ ክሴናር ነው ስል ከረምኩ።

የሰፈር ሰው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ፒያሳ ውስጥ የድሮ ሌንስ ካሳየህ አንድ ሰው የግድ ወደ ቤተ መንግስት ይወስድልሀል፣ ምክንያቱም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፣ ልጆቹም ከሱ በኋላ ለነገስታቱ አንስተዋል፣ ስለዚ ነሐስ የሆነ ሌንስ ሁሉ ከነሱ የመጣ ይመስላቸዋል። ጋሼ የሚያውቀው ስራ ካስለመደው ሰው እንዳገኘው ብቻ ነው። ስለዚ የቤተ መንግስቱን ነገር የትም አልፃፍኩም፣ አልፅፍምም።

ነገሩ የተገለበጠው መብራት በጠፋ ለት ነው። ሻማ አብርቼ ቁጭ ብዬ ሌንሱን እንዲሁ ሳገላብጠው መስታወቱ ላይ የሻማዋ ምስል ተደርድሮ ታየኝ፣ ያኔ ነው ነፀብራቅ መቆጠር እንዳለበት ትዝ ያለኝ፣ ማንበቡንማ አንብቤው ነበር ግን ሰርቼው አላውቅም። አሰራሩ ቀላል ነው፣ አንድ መብራት ብቻ ባለበት ጨለማ የሌንሱን የፊት ግማሽ ለብቻ የኋላውን ለብቻ ፈተህ ትይዝና ቀስ እያልክ ታዘነብለዋለህ፣ አየር የሚነካው እያንዳንዱ የመስታወት ገፅ አንድ ደማቅ ሻማ ያሳይሀል፣ ሁለት መስታወት በሙጫ የተጣበቀበት ገፅ ደግሞ አለች የለችም የምታሰኝ ደብዛዛ ሻማ። ክሴናር የቴሳር ዘር ነው፣ ቴሳርን ፓውል ሩዶልፍ የጀርመኑ የሌንስ ፋብሪካ ዛይስ ቤት በ1902 (እ.ኤ.አ.) ነው ያወጣው፣ ፊት ለፊት ሁለት የተለያየ መስታወት ከኋላ ሁለት የተጣበቀ። ስለዚ ከፊት 4 ደማቅ፣ ከኋላ ደግሞ 2 ደማቅና 1 ደብዛዛ መታየት አለበት። የኔ ከፊት 4 ደማቅ፣ ከኋላም 4 ደማቅ። ደብዛዛ የለም። ሻማውን ከግራም ከቀኝም እያደረኩ ሶስቴ ቆጠርኩ፣ ያው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ለሰው የነገርኩት ስህተት ነበር ማለት ነው።

አራት ነጠላ መስታወት በመሀላቸው አየር ያለ፣ አፐርቸሩን መሀል አድርጎ ፊትና ኋላው የሚመሳሰል፣ ይሄ ዳያላይት የሚባለው አይነት ነው፣ በርሊን ገርዝ ቤት ኤሚል ፎን ሄግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያመጣው አሰራር፣ ከዛ በኋላ ሌሎቹም የጀርመን ፋብሪካዎች ሰርተውታል። ሻማው የነገረኝ ሌላም ነገር አለ፣ ነፀብራቆቹ ሁሉ የራሱ የሻማው ቀለም ናቸው፣ ሀምራዊም ቢጫም የለባቸውም፣ ማለትም መስታወቱ ኮቲንግ (ነፀብራቅ የሚቀንስ ስስ ሽፋን) አልተቀባም። ኮቲንጉን ዛይስ ውስጥ ስማኩላ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ነው ያገኘው፣ በሰፊው የተለመደው ከሁለተኛው የአለም ጦርነት በኋላ ነው፣ ስለዚ ይሄ ከዛ በፊት የተሰራ መሆኑ በጣም ያመዝናል። አፐርቸሩ ላይ ያሉት ቁጥሮችም ያንኑ ይላሉ፣ 4.5፣ 6.3፣ 9፣ 12.5፣ 18፣ 25፣ 36 ነው የሚሉት፣ የዛሬው 5.6፣ 8፣ 11 አይደለም፣ የድሮው የአውሮፓ ቁጥር ነው። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ስትሄድ ብርሃኑ ያው በግማሽ ነው የሚቀንሰው።

ከዛ ልኬት። ፎካል ሌንግዙ (ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ ሲሆን ሌንሱ ከምስሉ ያለው ርቀት) የትም ስላልተፃፈ መለካት ነበረብኝ፣ ትክክለኛው መንገድ መጀመሪያ ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ ታደርጋለህ፣ ቀጥሎ አንድን ነገር በራሱ ልክ እስኪታይ ድረስ ሌንሱን ታርቀዋለህ፣ በሁለቱ መሀል ሌንሱ የሄደው ርቀት ራሱ ፎካል ሌንግዙ ነው። የኔ ካሜራ ግን እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋው ክፍል 33 ሴንቲ ሜትር ላይ ያልቃል፣ አልደረሰልኝም። መፍትሄው ግማሽ መጠን ነው፣ ግድግዳ ላይ ማስመሪያ ለጥፌ 10 ሴንቲው ካሜራው ጀርባ ምስሉ በሚታይበት ጭጋጋም መስታወት ላይ ልክ 5 ሴንቲ ሲሆን ሌንሱ የሄደውን ለክቼ በሁለት አባዛሁት። ለሩቁ ከአንድ ጓደኛዬ ጣራ ላይ የንግድ ባንክን ረጅም ህንፃ ተጠቀምኩ። መጀመሪያ 10.3 ሴንቲ ወጣልኝ፣ ሁለተኛ 10.6፣ በሁለት ስታበዛው ስህተቱም አብሮ ስለሚበዛ አምስቴ ደጋግሜ አማካዩን ወሰድኩ፣ 10.5 ሆነ፣ ማለትም 21 ሴንቲ ሜትር። አፐርቸሩን ደግሞ እንዲህ አረጋገጥኩ፣ ፎከሱን ሩቅ ላይ ትቼ በጭጋጋሙ መስታወት ቦታ በመርፌ የተበሳ ፎይል አድርጌ ከጀርባው የስልክ መብራት አበራሁ፣ ከፊት የሚወጣውን የብርሃን ክብ በዘይት ወረቀት ላይ ለካሁት፣ 47 ሚሊ ሜትር። የአፐርቸር ቁጥር ማለት ፎካል ሌንግዙ ለዚህ ክብ ስፋት ሲካፈል ነው፣ 210ን ለ47 ስታካፍል 4.5 ገደማ ነው፣ ቀለበቱ ላይ ያለው ቁጥር እውነቱን ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቀለሙን የነካሁት። የፊቱን ግማሽ ለብቻ ፈትቼ በጥርስ እንጨት ጫፍ ላይ ትንሽ ጥጥ ጠቅልዬ በጣም ትንሽ አሴቶን አስነክቼ፣ መስታወቱ ጋ እንዳይደርስ እየተጠነቀቅኩ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፣ ቀለሙ ሲነሳ ቀለበቱ ተፍቆ ስለነበር ፊደሉ አሁንም አይታይም፣ እዚህ ጋ ያዳነኝ ጠመኔ ነው። ጠመኔ ፈጭቼ በጣቴ ቀለበቱ ላይ አሸሁትና በጨርቅ ጠረኩት፣ የተቀረፀው ውስጥ ነጩ ቀረ፣ "ዶፔል አናስቲግማት" የሚል የሌንስ አይነት ወጣ፣ ከወዲያ ደግሞ "ሙንሽን"፣ የጀርመኗ ሙኒክ ማለት ነው። የሰሪው ስም ያለበት ቦታ ጠፍቷል። ሙንሽን ውስጥ ብዙ የሌንስ ሰሪ ነበረ፣ ስታይንሀይልም ሪትሸልም እዛው ናቸው፣ ስታይንሀይልም ዳያላይት ሰርቷል ግን ኡኖፎካል ነው የሚባለው፣ በ"ናር" አያልቅም። በ"ናር" የሚያልቅ፣ ከሙንሽን የወጣ፣ ዳያላይት የሆነ፣ 4.5 የሚከፍት፣ የሮደንስቶክ ኦይሪናር ነው። ቆርቆሮው ላይ የፃፍኩትን ሰርዤ ይሄንን ፃፍኩ፣ ከስሩም እንዴት እንዳወቅኩት በእርሳስ አሰፈርኩ፣ ከኔ በኋላ የሚያገኘው ሰው እንደገና ከዜሮ እንዳይጀምር። ቀለሙን መጀመሪያ አንስቼው ቢሆን ኖሮ እንደዚህ አላምነውም ነበር፣ ምክንያቱም ቀለበት ከአንዱ ሌንስ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ መስታወቱ የሚሰጥህ ቁጥር ግን አይዛወርም።

ሙከራው ላይ የጠፋብኝ ጊዜ ይቆጨኛል። ሻተር ስለሌለው በክዳን ነው የማነሳው፣ ክዳን አንስተህ ቆጥረህ መመለስ፣ ለዚህ ብርሃን ቀስ ብሎ የሚቀበል ነገር ያስፈልጋል፣ ስለዚ የጋሼን የድሮ የፎቶ ወረቀት እንደ ኔጌቲቭ ተጠቀምኩ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወረቀቶች በሙሉ ግራጫ ሆነው ወጡ፣ ጥቁሩ ጥቁር አይደለም ነጩ ነጭ አይደለም፣ ሌንሱ ውስጥ ጉም አለ ብዬ አራቱንም መስታወት አወጣሁ (እያንዳንዱ በየት በኩል እንደነበር ጠርዙ ላይ በእርሳስ ሳላመለክት አልነካሁም፣ ተገልብጦ ከገባ አለቀለት)፣ አፀዳሁ፣ መለስኩ፣ ያው ግራጫ። ጋሼ ይሄን ስነግረው "ወረቀቱን ብርሃን ሳታስነካ አጥበኸዋል?" አለኝ። አላጠብኩትም ነበር። አንድ ቁራጭ ቆርጬ ካሜራ ውስጥ ሳላስገባው ዴቨሎፐር ውስጥ ጨመርኩት፣ እሱም ግራጫ ሆነ። ወረቀቱ አርጅቶ ነው እንጂ ሌንሱ ምንም አልሆነም። ከውጭ የሚመጣ ሰው አዲስ ወረቀት እስኪያመጣልኝ ሌላ አንድ ወር ጠበቅኩ።

በአዲሱ ወረቀት ጊዮርጊስ ወረድኩ፣ የምኒልክ ሀውልት ጋ፣ በ1930 (እ.ኤ.አ.) የቆመው፣ ጣሊያን ያነሳው በኋላ የተመለሰው። የመረጥኩት ለታሪኩ ብቻ አይደለም፣ ጥቁር ፈረስ በነጭ ሰማይ ላይ ማለት ኮቲንግ ለሌለው ሌንስ ከባዱ ፈተና ነው። ሌንሱ ስምንት ገፅ አለው፣ እያንዳንዱ ቢያንስ 4 በመቶ ያህል ብርሃን ይመልሳል፣ ስታባዛው ከሩብ በላይ ይሄዳል፣ ከዛ ውስጥ ጥቂቱ ተንከራቶ ጥቁሩ ላይ ያርፋል። በ36 አንድ ሰከንድ አነሳሁ፣ ፈረሱ ደብዝዞ ወጣ፣ ከዛ ከጥቁር ካርቶን ኮፍያ ሰርቼ ሌንሱ ፊት አስሬ ደገምኩት፣ የፈረሱ እግርና ሆድ ተለየ፣ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው፣ ከዛ ወዲህ ያለ ካርቶን አላነሳበትም። በ18 ላይ ደግሞ ሌንሱን 4 ሴንቲ ወደ ላይ ከፍ አድርጌ በጭጋጋሙ መስታወት አየሁ፣ ጥጎቹ አልጨለሙም፣ ሲሰላ ቢያንስ 213 ሚሊ ሜትር ክብ ይሸፍናል ማለት ነው፣ ከ13 በ18 ሴንቲ ሜትር ካሜራ የመጣ ቢሆን አይገርመኝም።

ሙሉ ተከፍቶ ምን እንደሚመስል ውጪ ላይ ማየት አይቻልም፣ ብርሃኑ ይበዛል፣ ስለዚ ጋሼን አሁን ያለበት ኮንዶሚኒየም ሄጄ መስኮት ጋ አስቀመጥኩት፣ በ4.5 ሁለት ሰከንድ። በነገራችን ላይ ፎከሱን በምታነሳበት አፐርቸር ላይ አድርጉ፣ በ4.5 አስተካክዬ ወደ 12.5 ስዘጋው ፎከሱ ትንሽ ሲሸሽ ደጋግሜ አይቻለሁ። ጋሼ ትንፋሹን ይዞ ተቀመጠ፣ ለስንቱ ሰው "እንዳትነቃነቅ" ያለ ሰው ነው። ቤት ሄጄ አጥቤ አትሜ አመጣሁለት፣ አይኑ ጥርት ብሏል፣ ከጆሮው ወዲያ ያለው ቀስ እያለ ይሟሟል፣ ኮሌታው ላይ ስስ ብርሃን አለ። ረጅም ጊዜ አየውና ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ እንደገና አየው።

"እሱ ራሱ ነው" አለኝ። ፎቶውን ሳይሆን ሌንሱን ነው ያለው።