ባትሪው 25 ፐርሰንት እያለ ስልኩ ለምን ይጠፋል?

ስልኩ 25 ፐርሰንት ያሳያል። ጥሪ ይመጣል፤ «ሄሎ» ከመባሉ ድርግም ይላል። ቻርጀር ሲሰካለት ይነሳና ያንኑ 24 ወይም 25 ያሳያል። ፒያሳም ሆነ ሜክሲኮ ያሉ ጥገና ቤቶች በየቀኑ የሚሰሙት ቅሬታ ነው። አንዳንዱ ጠጋኝ «ሶፍትዌር ነው» ብሎ ፍላሽ ያደርገዋል፤ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ይጭነዋል ማለት ነው። ፍላሹ ፎቶና ስልክ ቁጥር ያጠፋል እንጂ ችግሩን አይነካውም።

ከፐርሰንቱ እንጀምር። ስልክ ባትሪው ውስጥ የቀረውን በቀጥታ የሚለካበት መንገድ የለውም፤ የሚያሳየው ቁጥር ግምት ነው። በባትሪው መስመር ላይ 10 ሚሊኦም አካባቢ የሆነች ትንሽ ሬዚስተር (ከረንትን በጥቂቱ የምታግድ ዕቃ፤ ኦም የእገዳው መለኪያ ነው) አለች። 2 አምፒር ሲያልፍባት በሁለት ጫፎቿ መካከል 20 ሚሊቮልት ይገኛል። አንድ ቺፕ ይህን እየለካ የገባውን ይደምራል፣ የወጣውን ይቀንሳል። በሒሳቡ ላይ ትናንሽ ስሕተቶች ስለሚጠራቀሙ ስልኩ ሥራ ፈት በሆነባቸው ሰዓቶች የባትሪውን ቮልቴጅ እያየ ራሱን ያርማል። ይህ ሁሉ የሚነግረን ስንት እንደቀረ ነው። የቀረው በምን ፍጥነት ሊወጣ እንደሚችል ግን ፐርሰንቱ ላይ የለም፤ ስልኩን የሚያጠፋውም እሱ ነው።

ጣራ ላይ ያለው ሮቶ ሩቡ ውኃ ሆኖ ቧንቧው በዝገት ቢጠብ፣ ቀስ ብሎ ለሚቀዳ ሰው ችግሩ አይታወቅም፤ በአንዴ ብዙ ለሚፈልግ ግን ይታወቃል። የባትሪው ቧንቧ ጥበት የውስጥ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ባትሪው ውስጥ ከረንቱን የሚያግደው ነገር ነው። በቁጥር እንየው። 25 ፐርሰንት ላይ ያለ ባትሪ ሳይሠራ ሲለካ 3.7 ቮልት አካባቢ ነው። የአዲስ ባትሪ የውስጥ ሬዚስታንስ 80 ሚሊኦም ይሁን። ስልኩ በድንገት 2.5 አምፒር ቢስብ 0.2 ቮልት ይወርድና 3.5 ይቀራል፤ ምንም አይሆንም። ያረጀውና 250 ሚሊኦም የደረሰው ግን ከ0.6 ቮልት በላይ ያጣና ወደ 3.1 ይወርዳል። ብዙ ስልኮች ከ3.4 እስከ 3.2 ቮልት ባለው ክልል ውስጥ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ተሠርተዋል። ቻርጀር ሲሰካ ጭነቱን ቻርጀሩ ስለሚጋራው ቮልቴጁ ይመለሳል፤ ስልኩ ወዲያው ነቅቶ ያንኑ ቁጥር የሚያሳየውም ለዚህ ነው።

2.5 አምፒሩን የሚጠይቀው ማነው? ካሜራና ፍላሹ አብረው ሲበሩ ብዙ ይስባሉ፤ ፕሮሰሰሩም ሲጨናነቅ እንዲሁ። በጥሪ ሰዓት ግን ዋናው ተጠያቂ ወደ ታወሩ ሞገድ የሚልከው አስተላላፊው ክፍል ነው፤ ከሁሉ ይበልጥ በ2ጂ። 2ጂ አንዱን ቻናል ለስምንት ተናጋሪ በየተራ ያካፍላል። ስልኩ በየ4.615 ሚሊሰከንዱ ለ0.577 ሚሊሰከንድ ብቻ ይናገራል፣ ከዚያ ዝም ይላል። በሰከንድ 217 ጊዜ መሆኑ ነው። ስልክ ሊደወል ሲል ሬዲዮ ወይም ስፒከር ላይ የሚሰማው «ድር ድር ድር» ይኸው ምት ነው። በ900 ሜጋኸርዝ ስልኩ በዚያች ቅጽበት እስከ 2 ዋት ድረስ ሊያሰራጭ ይችላል፤ ከባትሪው የሚስበው ደግሞ ወደ 2 አምፒር ይጠጋል። በ4ጂ የተለመደው ጣሪያ 0.2 ዋት ብቻ ነው።

ታወሩ ቅርብ ከሆነ ስልኩን «ድምፅህን ቀንስ» ይለዋል፤ በ900 ላይ እስከ 3 ሚሊዋት አካባቢ ያወርደዋል። ስለዚህ ስታዲየም አደባባይ ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰው ያረጀ ባትሪ ይዞ ላያውቀው ይችላል። ያው ሰው ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ገብቶ ሲደውል ኮንክሪቱና ብረቱ ሞገዱን ይውጠዋል። ለእያንዳንዱ 10 ዲሲቤል (የሲግናል መዳከም መለኪያ) ኪሳራ አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል፤ ስልኩ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ባትሪው እጁን ይሰጣል። ቮልቲኢ (ጥሪን በ4ጂ ላይ የሚያስኬደው አገልግሎት) ያልበራለት የ4ጂ ስልክ ደግሞ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳል። ኢንተርኔት ሲከፈት ደህና የነበረው ስልክ ሲደወልለት የሚጠፋው አንዳንዴ በዚህ ነው። የስልኩ ሞዴልና መስመሩ የሚፈቅዱ ከሆነ በሲም ቅንብሩ ውስጥ ቮልቲኢን ማብራት ነፃ መድኃኒት ነው።

ብርድም ይጨመርበት። የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት በውጭ ኪስ የተያዘ ስልክ ጠፍቶ፣ ቤት ውስጥ ሲሞቅ የሚነሳው ከዚህ የተነሳ ነው።

አፕል በጃንዋሪ 2017 በአይፎን ሶፍትዌሩ በአይኦኤስ 10.2.1 ያደረገው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር፦ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖች እንዳይጠፉ ፕሮሰሰራቸውን ማዘግየት። ድርጊቱን በግልጽ ያመነው ግን በዲሴምበር ነበር፤ ከዚያ እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ወደ 29 ዶላር አወረደ። እንደ ምህንድስና መፍትሔው ትክክል ነበር። ለባለቤቱ ሳይነግሩ ማድረጉ ነው ነውሩ።

ወደ ምርመራው። ስልኩን 30 ፐርሰንት ላይ አድርጎ፣ ቻርጀሩን ነቅሎ ኤሮፕሌን ሞድ ማብራት፤ ከዚያ የስክሪኑን ብርሃን ጣሪያ ላይ አድርሶ በካሜራው ከነመብራቱ ቪዲዮ መቅረጽ። ከጠፋ ባትሪው ነው ማለት ይቻላል። ካልጠፋና በጥሪ ጊዜ ብቻ ከሆነ ሲግናሉን ማየት ነው፦ በብዙ አንድሮይዶች *#*#4636#*#* ሲደወል በዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) የተጻፈ ቁጥር ይወጣል፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ሲግናሉ ይጠነክራል። በ2ጂ −60 አካባቢ ጠንካራ፣ −100 ደካማ ነው። በ4ጂ −80 ጥሩ፣ −110 ደካማ።

ጠጋኝ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ማድረግ ይችላል። ባትሪውን ከቦርዱ ነቅሎ፣ ቮልቴጁን በቴስተር ለክቶ፣ 3.9 ኦም 5 ዋት ሬዚስተር ለጥቂት ሰከንዶች ማገናኘትና እንደገና መለካት ነው። ከ3.85 ወደ 3.78 ከወረደ ሬዚስታንሱ 70 ሚሊኦም ገደማ ስለሆነ ባትሪው ጤነኛ ነው። ወደ 3.55 ከወረደ ከ300 በላይ ነውና ይቀየር። የቴስተሩ ሁለት ጫፎች እርስ በርስ እንዳይነካኩ! ያበጠ ባትሪ ግን መለኪያም አያስፈልገውም። ሳይጫኑት፣ ሳይወጉት፣ በብረት ሳይፈለቅቁት ማውጣት ነው።

አዲሱን ሲገዙ «ኦርጅናል» የሚለውን ጽሑፍ እርሱት። መጀመሪያ የሚታየው የቻርጅ መጨረሻው ቮልቴጅ ነው፦ አሮጌው ላይ 4.4 የሚል ካለ አዲሱም ያንኑ ይበል። 4.2 የተባለውን ባትሪ 4.4 ድረስ በሚሞላ ስልክ ውስጥ መክተት አደጋ ነው። ቀጥሎ መጠኑ። ከአሮጌው ጋር እኩል ሆኖ «8000 ሚሊአምፒር ሰዓት» የሚል ባትሪ፣ ቀድሞ የነበረው 4000 ከነበረ፣ ውሸት ነው። ክብደቱም ይመሰክራል፤ እውነተኛ 4000 ከ55 ግራም ብዙም አይቀልም። ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ቆይቶ ከ2.5 ቮልት በታች የወረደውን ጠጋኙ «አነቃዋለሁ» ቢል እሺ አይባልም፤ ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምርና በኋላ ባትሪውን ከውስጥ ሾርት ሊያደርገው ይችላል።

ሲገጠም የባትሪው ኮኔክተር በአይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረግ። ቲነር ፕላስቲኩን ይበላል። ቆሻሻ ኮኔክተር ብቻውን ብዙ አሥር ሚሊኦም ስለሚጨምር አዲሱን ባትሪ አሮጌ ያስመስለዋል።

አዲስ ባትሪ ተገጥሞም የሚጠፋ ከሆነ ወደ ቦርዱ ነው። ፓወር ሰፕላዩን 4 ቮልት ላይ አድርጎ በባትሪው ቦታ ማገናኘት፤ ማብሪያው ሳይነካ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ከረንት መታየት አለበት። 100 ሚሊአምፒር ካለፈ በባትሪው መስመር ላይ የሚያፈስ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ በአስተላላፊው ቺፕ ዙሪያ ካሉት ካፓሲተሮች አንዷ። ቦርዱ ላይ የሮዚን (የብየዳ ሙጫ) ጭስ ተነፍቶ ነጭ ከለበሰ በኋላ ከረንቱ ሲለቀቅ፣ መጀመሪያ ነጩ የሚቀልጥባት እሷ ናት። በሙቅ አየር ትነሳለች፤ ጎን ለጎን የተገናኙ ሌሎች ካሉ ስልኩ ያለሷም ይሠራል።