ሰጪው ሲጠይቅ፦ ከለንደኑ የጥናት ጉዞ ይዤው የመጣሁት

ሥራዬ ማመልከቻ ማንበብ ነው። ግራንት ኦፊሰር ይሉናል። ድርጅቶች ፕሮፖዛል ይልካሉ፤ እኔና ባልደረቦቼ እናነባለን፣ ነጥብ እንሰጣለን፣ ለቦርድ እናቀርባለን። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ስንቱን «እናዝናለን፣ በዚህ ዙር አልተመረጣችሁም» ብዬ እንደሸኘሁ ቆጥሬ አላውቅም። የምንልከው ደብዳቤ አራት መስመር ነው። የጻፍኩትም እኔው ራሴ ነኝ።

ለንደን ለመሄድ ስዘጋጅ ግን እንዲህ ያለ ባለ አራት መስመር ደብዳቤ ለእኔም ደረሰኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተለያዩ ድጋፍ ሰጪ ድርጅቶች አራት ሆነን፣ ሌላ አገር ገንዘብ እንዴት እንደሚሰጥ ሄደን እንይ ተባባልን። መሥሪያ ቤቶቻችን የወጪውን ግማሽ ቻሉ። ለቀረው፣ የባለሙያዎችን ጉዞ ለሚደግፍ አንድ ፈንድ ለማመልከት ወሰንን። ቅጹን የመሙላቱ ዕዳ እኔ ላይ ወደቀ። «አንተ ስንት ቅጽ ስታነብ የኖርክ!» አሉኝ።

ሁለት ማታ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። «የሚጠበቅ ውጤት» ይላል አንዱ ሣጥን። ቀጥሎ «የሚጠበቅ ፋይዳ»። ከዚያ ደግሞ «የረጅም ጊዜ ለውጥ»። ሦስቱ በምን እንደሚለያዩ እስካሁን አልገባኝም። የሚያናድደው፣ ሦስቱም ሣጥኖች በእኛ ቅጽ ላይ አሉ። ሰዎች ለምን አንድ ዓይነት ነገር ሦስት ጊዜ ይጽፋሉ እያልኩ ስማረር የኖርኩት እኔ ነኝ።

ከሦስት ወር በኋላ መልሱ መጣ። አልተመረጣችሁም። ለምን? የለም።

ሁለተኛው ፈንድ ላይ ብልሃት ተማርኩ። ብዕር ከማንሳቴ በፊት ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ አሥር ደቂቃ ሰጠችኝ። «ስንት ቢሮ እንደምታዩ አትንገሩን፤ ስትመለሱ ምን እንደምትቀይሩ ንገሩን» አለች። ሁለት ገጽ ጻፍን። ገንዘቡ ተፈቀደ። እንግዲህ የጉዞው የመጀመሪያ ትምህርት ገና አውሮፕላን ሳንሳፈር ተገኘ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዕቅዳችን ለንደንና ብራስልስ ነበር። በባቡር ሁለት ሰዓት ነው ተብሎ። ቪዛው ግን ሌላ ታሪክ ነው። የእንግሊዝ ቪዛ ለብራስልስ አያገለግልም፤ ሼንገን የሚባለው የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ለብቻው ይጠየቃል፣ ፓስፖርትህ ደግሞ አንድ ነው። ብራስልስን ተውነው። እሱም አልበቃ። የእንግሊዝ የጉብኝት ቪዛ አብዛኛውን ጊዜ አሻራ ከሰጡ በኋላ በሦስት ሳምንት ይወሰናል ይላሉ፤ እኛ የገባነው ጉዞው አራት ሳምንት ሲቀረው ነው። የሦስታችን በጊዜው ደረሰ። የአንዷ ዘገየና ሁለት ቀን አርፍዳ ተቀላቀለችን። ሁለት ወር አስቀድሞ መጀመር፣ ከሚቀበሏችሁ ድርጅቶች ደግሞ ቀንና ምክንያት በግልጽ የሰፈረበት የግብዣ ደብዳቤ መያዝ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ቢሮ አስይዘን ነበር። ስግብግብነት ነው። ሦስተኛው ቢሮ ስንደርስ ሰውየው የሚያወራውን ሳይሆን የሚያቀርብልንን ውኃ ነበር የምናየው። ከዚያ ቀን በኋላ በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት አደረግነው። የተረፈውን ሰዓት ያየነውን ለመከራከር ተጠቀምንበት።

አንድ ቅሌቴን ልናገር። ሁለተኛው ቢሮ ውስጥ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «በዓመት ስንት ትሰጣላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። አስተናጋጃችን ፈገግ አለችና ከፊቴ ያለውን የዓመት ሪፖርት ገለጠችልኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በትልቁ ተጽፏል። ከሳምንት በፊት በኢሜይል የላከችልን ሪፖርት ነው። ፊቴ በርበሬ መሰለ።

በተለይ እዚያ አገር ይህ ጥያቄ አያስፈልግም። የእንግሊዝና የዌልስ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መዝገብ ክፍት ነው። ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ የአንድን ድርጅት ገቢ፣ ወጪ፣ የቦርድ አባላት ያያል። ትልልቆቹም ሒሳባቸው እንዳለ ተቀምጧል። በዚያ ላይ 360ጊቪንግ የሚባል አሠራር አለ፦ ድጋፍ ሰጪዎች ለማን፣ መቼ፣ ስንት፣ ለምን እንደሰጡ በአንድ ዓይነት ቅርጽ ያወጣሉ። ከ200 በላይ ሰጪዎች መረጃቸውን በዚህ መንገድ አውጥተዋል። ግራንትናቭ በተባለው መፈለጊያ በነፃ ይታያል። የሚጎበኙትን ድርጅት ስም ማታ እዚያ ላይ መጻፍ ነው። በማግሥቱ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ይሆናል። እኔ በሦስተኛው ቀን ነው የጀመርኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ መዞር ጀመርኩ፦ «ሰጥታችሁ የተጸጸታችሁበት ድጋፍ አለ?»

መጀመሪያ ዝምታ ይሆናል። እርስ በርስ ይተያያሉ። ቀጥሎ ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጋሉ፤ ወሬው እዚያ ላይ ይጀምራል። አንዱ ሰውዬ የነገረን ከአእምሮዬ አልወጣም። ለአንድ ትንሽ የወጣቶች ማኅበር ገንዘብ ሰጡ። በየሦስት ወሩ ሪፖርት ጠየቁ፣ በእነሱ የሒሳብ ቅጽ። ማኅበሩ ሪፖርቱን የሚሠራለት ሰው ስለሌለው የሒሳብ ሠራተኛ ቀጠረ። ደመወዙ ከየት ይምጣ? ከልጆቹ ጋር ይውል የነበረውን ሰው ሰዓት ቀነሱ። «በስተመጨረሻ በጣም ጥሩ ሪፖርት ደረሰን» አለ። «ስለማይሠራ ሥራ።»

እንዲህ ያለው ነገር የገባቸው ብዙ ናቸው። አይቫር የሚባለው የምርምር ተቋም በ2021 ስምንት ቃል ኪዳኖች አዘጋጅቶ ሰጪዎች እንዲቀላቀሉ ጋብዟል። የመጀመሪያው የአመልካችን ጊዜ አለማባከን ነው። ሳነበው ያ ሦስቱ ሣጥን ትዝ አለኝ።

ከሁሉም የማልረሳው ግን አንድ ምሽት ነው። ገንዘቡን የሰፈሩ ነዋሪዎች ራሳቸው የሚያከፋፍሉበት አሠራር አለ። ስለ እሱ ብዙ አንብቤያለሁ፣ እውነቱን ለመናገር ብዙም አላመንኩበትም ነበር። አንድ ቡድን ኋላ ተቀምጠን እንድናይ ፈቀደልን። ስልካችንን አጠፋን። ጠረጴዛው ዙሪያ ዘጠኝ ሰዎች አሉ። ከነሱ መካከል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት እርሳስ ይዘው ማመልከቻዎቹን እያሰመሩ መጥተዋል። አንድ ፕሮፖዛል ላይ ደረሱ። የተዋበ ጽሑፍ ነው፤ እኔ ብሆን ከአሥር ዘጠኝ እሰጠው ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ይሄ አዳራሽ እኮ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ይዘጋል» አሉ። ፕሮግራሙ የታሰበው ለማታ ነው። ሌሎቹም አዎ፣ ይዘጋል አሉ። በቃ። ይህን የትኛውም የነጥብ ሰንጠረዥ አያወጣውም።

እሱን አይቼ ወደ ሆቴል ስንመለስ ማንም አላወራም። እኔ በልቤ የራሴን ነጥብ አሰጣጥ እየመረመርኩ ነበር። ጥሩ የሚጽፍ ሰው መቅጠር ለሚችል ድርጅት ነው ወይስ ለሥራው ነው ዘጠኝ የምሰጠው?

የለንደኑን የታምዝ ወንዝ ድልድዮች ነገርም ሳልጠቅስ አላልፍም፤ እንዲያው ስለወደድኩት። ጥንት የለንደን ድልድይ ላይ ቤትና ሱቅ ነበር። የድንጋዩ ድልድይ በ1209 ተጠናቀቀ። ኪራዩ፣ ቀረጡና የሰዎች ስጦታ ተጠራቅሞ ድልድዩን የሚጠብቅ ሀብት ሆነ፤ በ1282ም ቻርተር፣ ማለትም የንጉሥ የፈቃድ ደብዳቤ ወጣለት። ዛሬ አምስት ድልድዮች በዚያ ገንዘብ ይጠበቃሉ። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የሚተርፈው ለለንደን ነዋሪዎች የበጎ አድራጎት ሥራ እንዲውል ተፈቀደ። ሀብቱን የያዘው ድርጅት ሲቲ ብሪጅ ፋውንዴሽን ይባላል። ከአምስቱ በአንዱ፣ በሚሌኒየም የእግረኞች ድልድይ ላይ ቆመን ይህን ስናወራ፣ ከእኛ አንዷ «እኛ እኮ ሦስት ዓመት ስንሰጥ የረጅም ጊዜ ድጋፍ እንላለን» አለች። ሳቅን። ብዙም የሚያስቅ አልነበረም።

አሁን አንድ የተሳሳትኩት ነገር ላይ ልምጣ። አራተኛው ቀን ላይ ሁላችንም አንድ ሐሳብ ይዞን ነበር፦ ቅጻችንን ሁለት ገጽ እናድርገው! የእንግሊዙ የብሔራዊ ሎተሪ ፈንድ ለትንንሽ ማኅበራት ከ300 እስከ 20,000 ፓውንድ የሚሰጥበት ቀለል ያለ ፕሮግራም አለው፤ እኛስ ምን ይጎድለናል አልን። ማታ ስንከራከር ግን ነገሩ ተገለጠልኝ። የእነሱ ቅጽ የሚያጥረው ሰጪዎቹ ቸር ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ድርጅቱ መኖሩን፣ ቦርድ እንዳለው፣ ሒሳቡ ምን እንደሚመስል ለማየት ያ ክፍት መዝገብ አለ። ቀሪውን አሥር ገጽ ሌላ ሰው አስቀድሞ ጠይቆላቸዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ በሌለበት ቦታ ቅጹን ብቻ ቆርጦ ማምጣት፣ ጣሪያውን አይቶ ግድግዳውን መርሳት ነው። መዝገቡ ባይኖርም ግን እያንዳንዱ ሰጪ ያንኑ ሰነድ በየዓመቱ ከሚጠይቅ፣ አንዱ የሰበሰበውን ሌላው ቢቀበለውስ? እኛ አራታችን በዚህ ተስማማን። ከጉዞው በተግባር የዋለው ትልቁ ነገር እሱ ነው፦ አንድ ድርጅት ለአንዳችን ያስገባውን የምዝገባና የሒሳብ ሰነድ፣ በድርጅቱ ፈቃድ፣ ሌሎቻችን እንቀበላለን። ተግባብቶ ለመጀመር ሰባት ወር ፈጅቷል። የሕግ ክፍሎቻችን ልብ ያወልቃሉ።

ማስታወሻ አያያዝን በተመለከተ፦ በየማታው ሃያ ደቂቃ፣ ከመተኛታችን በፊት፣ በድምፅ ቀድተን ነበር። ከጻፍኩት ይልቅ የቀዳሁት ጠቀመኝ። ድምፃችን ውስጥ መገረሙም ክርክሩም አለ።

ስንመለስ ለአለቃችን ሪፖርት ማቅረብ ነበረብኝ። ስላይድ አላዘጋጀሁም። የራሳችንን ቅጽ አትሜ ለእሳቸውም፣ ለቦርድ አባላቱም አደልኩ። «የምታውቁት አንድ ትንሽ ማኅበር እንደሆናችሁ አስቡና ሙሉት» አልኳቸው። እኔ ቀደም ብዬ ቤቴ ሞክሬው ነበር፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ወሰደብኝ። አለቃችን በደንብ ጀመሩ። አራተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን አስቀመጡና፣ «ይሄ ውጤት እና ፋይዳ የሚለው፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አሉኝ።

እኔም አላወቅሁትም አልኳቸው። ፋይዳ የሚለውን ሣጥን እዚያው በብዕራቸው ሰረዙት።