ማመልከቻው ለምን በመስከረም ይጻፋል? የአንድ ዓመት የመማር ማስታወሻ ከደሴ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ስሠራ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የምጽፈው አንድ መስመር አለ፦ «ጉዳዩ፦ የመሥሪያ ቦታ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ»። ተደራጅተው የሚመጡ ወጣቶች ስማቸው ይለያያል እንጂ ጉዳያቸው ይኸው ነው።

መስከረም 2017 ላይ ብሎኬት ለማምረት የተደራጁ አምስት ልጆች መጡ። ጽፌ፣ አትሜ፣ ሦስት ኮፒ አድርጌ ሰጠኋቸው። አንዷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች «እህቴ፣ እስከዛሬ ከጻፍሽው ውስጥ መልስ ያገኘ አለ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

ማታ ሱቁን ከዘጋሁ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ የቀሩትን ፋይሎች ከፈትኩ። እያንዳንዱ ፋይል የተጻፈበትን ቀን ይዟል። በቀን ሳሰልፋቸው አብዛኞቹ የመስከረምና የጥቅምት ሆነው ተገኙ። ስልካቸው ከማመልከቻው ግርጌ ስለነበር በማግስቱ ለጥቂቶቹ ደወልኩ። የተነገራቸው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ «የዘንድሮው በጀት ተደልድሏል፤ ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን።» ለሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ የሄደ ግን አላገኘሁም። አንዳንዶቹ ማኅበሩን በትነዋል፣ አንዱ አዲስ አበባ ሄዷል።

ከዚያች ማታ ወዲህ የተማርነውን ነው የማካፍላችሁ። ተመሳሳይ ነገር ለምትሞክሩ እኩዮቼ ይጠቅማል ብዬ የተሳካውንም ያልተሳካውንም አብሬ ጽፌዋለሁ።

ጥቅምት

ሰባት ሆንን። ሁለት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ አንድ ባጃጅ ነጂ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሁለት ሥራ ፈላጊዎችና እኔ። እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት እንገናኛለን። ሰዓቱን የመረጥነው ከቅዳሴውም ከዙህር ሰላቱም እንዳይጋጭ ነው። ደሴ ላይ ይህን ያላሰበ ስብሰባ ግማሹን ሰው ገና ከመጀመሩ ያጣል።

መጀመሪያ ያነበብነው በ1996 ዓ.ም. የወጣውን ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ነው። ያኔ ከመካከላችን ትልቁ ገና ልጅ ነበር። ስሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያነበበው ግን አንድም አልነበረም። በሱቁ ማተሚያ አትሜ፣ በየተራ ድምፃችንን ከፍ አድርገን አነበብነው። እኔ ፖሊሲው ስለ ሥራ ብቻ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ዴሞክራሲና መልካም አስተዳደር፣ ትምህርትና ሥልጠና፣ ጤና፣ ኤችአይቪ፣ ባህልና ስፖርት፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ልዩ ትኩረት የሚሹ ወጣቶች እያለ ይዘልቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወጣቱን ተጠቃሚ ብቻ ሳይሆን ተሳታፊም ያደርገዋል። ልብስ ሰፊዋ ጓደኛችን «ተሳታፊ» የሚለውን በእርሳስ አስምራበት «ተሳትፎ ማለት አዳራሽ ገብቶ መቀመጥ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁለት እሁድ የተነጋገርነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዱ የሮጀር ሃርትን የተሳትፎ መሰላል አመጣልን። በ1992 እ.ኤ.አ. በዩኒሴፍ በኩል የታተመ ሲሆን ስምንት እርከን አለው። የታችኞቹ ሦስቱ ሰው የሚሰበሰብባቸው ቢሆኑም ሃርት እንደ ተሳትፎ አይቆጥራቸውም። ወጣቱ ምን እንደሆነ ሳያውቅ መጠቀሚያ ሲሆን አንድ፣ ለድምቀት ሲቆም ሁለት፣ ለስሙ ያህል አንድ ወጣት መድረክ ላይ ሲቀመጥ ሦስት። ላይኞቹ እርከኖች ላይ ወጣቱ ራሱ ሐሳብ ያመነጫል፣ ከአዋቂዎች ጋር ይወስናል። መሰላሉን ሰሌዳ ላይ ስለን እስከዛሬ የተሳተፍንባቸውን ነገሮች እያንዳንዳችን አስቀመጥን። ቲሸርት ለብሰን የቆምንባቸው ቀናት በርካታ ናቸው። የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ላይ ግን ተከራከርን። የአረጋውያንን ቤት ስንጠግን የትኛው ቤት ይቀድማል የሚለውን ራሳችን የወሰንንበት ዓመት ነበር፤ ዝርዝሩ ተሰጥቶን ጭቃ ብቻ ያቦካንበትም ዓመት ነበር። ሥራው አንድ ዓይነት ቢሆንም እርከኑ የተለያየ ነው።

ኅዳር፣ ስለ ዕድሜ

ይህን አጭር አደርገዋለሁ፤ ግን ማመልከቻ ለምትጽፉ በጣም ያስፈልጋችኋል። በአገራችን ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ባንጁል ላይ በጸደቀው የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ከ15 እስከ 35፣ በተባበሩት መንግሥታት አኃዝ ከ15 እስከ 24 ነው። በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 995 የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ደግሞ ከ18 እስከ 34 ላሉት ነው። የ32 ዓመቱ የባጃጅ ነጂ ወንድማችን ለፈንዱ ወጣት ነው፣ ለፖሊሲው አይደለም። የትኛውን በር እንደምታንኳኩ ሳታውቁ «እኛ ወጣቶች» ብላችሁ ብትጽፉ በአንድ የልደት ቀን ምክንያት ማኅበሩ በሙሉ ሊመለስ ይችላል።

ጥር ላይ የሆነው

በጥር አንድ ጥያቄ አዘጋጀን። በአካባቢያችን ያለ አንድ የወጣት ማዕከል ቤተ መጻሕፍቱ የሚዘጋው 11 ሰዓት ላይ ነው። የሚሠራ ወይም የሚማር ወጣት ደግሞ ነፃ የሚሆነው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ማታ ይከፈት ብለን ጻፍን። ወስደን ለአንድ ሠራተኛ በእጁ ሰጥተን፣ አመስግነን ወጣን። ከወር በኋላ ስንሄድ ደብዳቤው የለም። የተቀበለን ሰው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል።

ስድስት ዓመት ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ፣ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገብቶ የገቢ ቁጥርና ቀን ካልተጻፈበት እንዳልገባ እንደሚቆጠር ለቡድኑ አልነገርኩም። በጣም አዘንኩ። ከዚያ ወዲህ ከሱቄ ማመልከቻ ለሚወስድ ወጣት ሁሉ አንድ ነገር እነግራለሁ፦ ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፣ መዝገብ ቤት አስመዝግቡ፣ የራሳችሁ ኮፒ ላይ የገቢ ማህተም አስመቱ። ሦስተኛውን ኮፒ ደግሞ ሌላ ሰው ቤት አስቀምጡ። በ2014ቱ ጦርነት የስንት ማኅበር ሰነድ፣ ቃለ ጉባኤና የቁጠባ ደብተር እንደጠፋ በዚህች ሱቅ በኩል አይቻለሁ። ከተማው ሲረጋጋ ሰዎች የሌለ ወረቀት ኮፒ ፍለጋ ይመጡ ነበር።

የካቲት፣ የበጀት ሰሌዳ

የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው።

የአንዱ ጓደኛችን አባት ጡረታ የወጡ የፋይናንስ ሠራተኛ ናቸው። ቤታቸው ሄደን፣ እናቱ ቡና እያፈሉ፣ የመስከረሙን ነገር ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ እውነት በጀት የለም ማለታቸው ነው ወይስ እኛን መሸኛ ነው?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ልጄ፣ እውነታቸውን ነው። ወጡ ከድስቱ ከወጣ በኋላ ጨው አነሰው ብትዪ ማን ይሰማሻል?» አሉኝ። ከዚያ ወረቀት አምጪ ብለው በእስክርቢቶ ከሐምሌ እስከ ሰኔ አሥራ ሁለት ሳጥን ሠሩልን።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ምክር ቤት የሚያጸድቀው በዓመቱ መባቻ ገደማ ነው። ነገር ግን የሚጸድቀው ሰነድ የሚዘጋጀው ቀደም ብሎ፣ መሥሪያ ቤቶች የግማሽ ዓመት አፈጻጸማቸውን ገምግመው የሚቀጥለውን ዓመት ፍላጎት ሲያሰባስቡ ነው። ከክልል በቀመር ተከፋፍሎ የሚመጣው ጥቅል በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል። ለአዲስ ነገር የሚተርፈው ካፒታል በጀት (ለግንባታና ለመሳሰለው ቋሚ ሥራ የሚያዘው) እና ከተማው ራሱ ከአገልግሎት የሚሰበስበው ገቢ ነው። መንገድ፣ የውሃ መውረጃ፣ የመንገድ መብራት የመሳሰለው ከዚህኛው ነው የሚፈልቀው። ጋሼ የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያን ከበቡልን። «በእነዚህ ወራት የገባ ጥያቄ ዕቅድ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በመስከረም የገባ ግን ፋይል ውስጥ ነው የሚገባው» አሉን።

እናቱ ሦስተኛውን ስኒ እያቀበሉኝ ፊቴን አይተው «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። ያቺ ወረቀት አሁን ከኮፒ ማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች።

በማግስቱ እግረ መንገዴን አንድ ቢሮ ግቢ ገብቼ የማስታወቂያ ሰሌዳውን አየሁ። የተፈቀደ በጀት በሴክተር ተዘርዝሮ ተለጥፏል። ዝናብ አበላሽቶታል፤ ግን ይነበባል። ስንት ጊዜ በዚያ ሰሌዳ አጠገብ አልፌያለሁ! ሁላችንም ሥራ ማስታወቂያ ስንፈልግ አጠገቡ ያለውን ወረቀት አናይም። ቡድኑን ይዤ ተመለስኩ፤ ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ገለበጥን። ለወጣቶች ጉዳይ የተያዘውን ከሌላው ጋር ስናነጻጽር፣ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻውን ለወጣቱ ሊያደርግ የሚችለው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ገባን። የወጣት ጉዳይ መንገዱም፣ ትምህርቱም፣ ጤናውም ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ጥያቄውም ወደዚያ መሄድ አለበት።

መጋቢት፣ ወደ ኮምቦልቻ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ከጦሳ ሥር ጋቢ ለብሰን ተነስተን ሐረጎን ስንወርድ የሚኒባሱ መስኮት ይከፈታል፣ ታች ስንደርስ ጋቢው ይታጠፋል። ሁለቱ ከተሞች የየራሳቸው አስተዳደር፣ ምክር ቤትና በጀት አላቸው። የወጣቱ ኑሮ ግን አንድ ነው። የደሴ ልጅ ለፋብሪካ ሥራ ይወርዳል፣ የኮምቦልቻው ለሕክምናና ለዞን ጉዳይ ይወጣል። ትስስር የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስለኛል፤ ችግሩ ከተማ ይሻገራል፣ በጀቱ ግን ድንበር አለው።

በኮምቦልቻ ያገኘናቸው አብዛኞቹ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ወይም ይሠሩ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ፓርኩ ሐምሌ 2009 ሲመረቅ የመጀመሪያው ምዕራፍ 75 ሄክታር ላይ ነበር። ብዙዎቹ ከገጠር ወረዳዎች መጥተው ለሦስት ለአራት አንድ ክፍል የተከራዩ ናቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል ካስወጣች በኋላ ሥራ እንደቀዘቀዘባቸው ነገሩን። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ የሚጻፍ ምንም ማመልከቻ ይህን አይመልሰውም። ስለዚህ «በከተማው አቅም የሚፈታ አንድ ነገር ንገሩን» አልናቸው።

አንዲት ልጅ ወዲያው መለሰች፦ «መብራት።» የማታ ፈረቃ ወጥተው ሰርቪሱ ካወረዳቸው በኋላ እስከ ኪራይ ቤታቸው የሚሄዱበት መንገድ ጨለማ ነው። ስልካቸውን አብርተው፣ ተያይዘው፣ ፈጠን ብለው ነው የሚያልፉት። ማታ አብረናቸው ሄድን። ልጅቷ ከፊት ሆና ምሰሶዎቹን ቆጠረች፣ እኔ ደብተሬ ላይ መንገዱን ሳልኩ፤ የቱ ምሰሶ አምፖል እንዳለው፣ የቱ እንደሌለው፣ የቱ ጋ ምሰሶም እንደሌለ። የጻፍነው ማመልከቻ አንድ ገጽ ነው፤ የተያያዘው ያ ሥዕል ነው። በሙያዬ ከጻፍኳቸው ሁሉ የምወደው ማመልከቻ እሱ ነው።

እነዚህን ሴቶች እንዴት እንዳገኘናቸው ልንገራችሁ። በወጣት ማኅበር መዝገብ አይደለም፤ በዕቁብ ነው። የልብስ ሰፊዋ የአክስት ልጅ ዕቁብ ሰብሳቢ ናት። ማህተም ያላቸው ማኅበራትና ፌዴሬሽን ያስፈልጋሉ፤ በር የሚከፈተው በእነሱ ደብዳቤ ነው። ሰው የሚገኘው ግን ዕቁቡ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ መድረሳውና የኳስ ሜዳው ጋ ነው። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ የቴሌግራም ግሩፖች በአንድ ቀን ዝም አሉ። ዕቁቡ ግን አልተቋረጠም። ስለዚህ የእኛ ትስስር የስልክ ቁጥር ዝርዝር በወረቀት አለው፤ እያንዳንዱ ሰው ለሦስት ሰው ይደውላል።

ሚያዝያና ከዚያ ወዲህ

ሁለቱንም ጥያቄዎች በሚያዝያ አስገባን፤ የገቢ ማህተም ያለበት ኮፒ በእጃችን አለ። የቤተ መጻሕፍቱ መልስ በግንቦት መጣ፦ በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ምሽት 2 ሰዓት ይከፈታል፤ ቁልፉን ተራ ገብተን የምንረከበው እኛ ነን። ለካ በጀትም አላስፈለገውም፤ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ነበር የጎደለው። የመብራቱ ጉዳይ ወደ ሚመለከተው ክፍል ተመርቷል የሚል ደብዳቤ አግኝተናል። ሐምሌ ላይ የጸደቀው በጀት ሲለጠፍ ግን መብራቱ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ነሐሴ ላይ ስንጠይቅ አምፖል የሌላቸው ነባር ምሰሶዎች በጥገና እንደሚታዩ፣ አዲስ ምሰሶ ግን ለቀጣዩ ዕቅድ እንደሚያዝ ተነገረን። ልጅቷ ስትሰማ «እሺ፣ በየካቲት እንመለሳለን» አለች። ወሩን ራሷ ነው ያለችው።

አሁን የምናነበው በአውሮፓ ምክር ቤት (ካውንስል ኦፍ ዩሮፕ) ስለሚሠራበት የጋራ ውሳኔ አሠራር ነው። የመንግሥት ተወካዮችና የወጣት ድርጅቶች ተወካዮች በእኩል ድምፅ ስለ ወጣት ፕሮግራምና በጀት ይወስናሉ። በአሜሪካ የቦስተን ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. 1 ሚሊዮን ዶላር ለይቶ ከ12 እስከ 25 ዓመት ያሉ ልጆች ምን ላይ ይዋል ብለው በድምፅ እንዲመርጡ ማድረጉንም አንብበናል። የእነሱን ገንዘብ አናገኝም። ከከተማ ካፒታል በጀት ትንሽ ድርሻ እንኳ በዚህ መንገድ ቢለይ ምን እንመርጣለን ብለን ግን ደሴ ላይ ለሙከራ በወረቀት ድምፅ ሰጥተናል። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት አንደኛ ወጣ። እኔ የመሥሪያ ሼድ የሚወጣ መስሎኝ ነበር።

ብሎኬት አምራቾቹ አልተበተኑም። ባለፈው ሳምንት ያቺው ልጅ መጣች። አዲሱን ማመልከቻ አብረን ጀመርን፤ የአባላቱን የልደት ቀን ከመታወቂያቸው ጋር አመሳከርን፣ የሚፈልጉትን የቦታ ስፋት ለኩ አልኳት። ፋይሉን ያስቀመጥኩት «የካቲት» በሚል ፎልደር ውስጥ ነው። በከተማችሁ የዕቅድ ማሰባሰቢያው ወር ከዚህ የሚለይ ከሆነ፣ ወይም ያስገባችሁት ጥያቄ በዝርዝር በጀት ውስጥ ገብቶ ካያችሁ፣ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ፤ እሁድ 8 ሰዓት ላይ ለሁሉም አነብላቸዋለሁ።