በይደር ያለ ገንዘብ

ዛሬ ማታ ሥራ ጨርሼ ስቀመጥ መጀመሪያ የከፈትኩት ልብስ በምሸጥበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያለውን የሽያጭ ሂሳቤን ነው። አዲስ ነገር እንደማላገኝ አውቅ ነበር፤ ሆኖም ሰሞኑን የተጫነኝ ድብርት በየሰዓቱ ወደዚያ ገጽ ይመልሰኛል። «ወጪ ሊደረግ የሚችል» ከሚለው ፊት ለፊት ዜሮ፣ «ተይዞ የሚቆይ» ከሚለው ፊት ለፊት ደግሞ የአንድ ወር ሥራዬ በሙሉ ተጽፏል። ልብሱ ተሸጧል፣ ተልኳል፣ ደርሷል፤ አብዛኞቹ ገዢዎችም ምስጋናቸውን ጽፈውልኛል። ገንዘቡ ግን ስሜ ተጽፎበት እጄ በማይደርስበት ቦታ ተቀምጧል።

የተያዘበትን ምክንያት የመድረኩ ሰዎች በሦስት መስመር ነግረውኛል፤ ሽያጬ በአጭር ጊዜ ከወትሮው በላይ ስለጨመረ ለጥንቃቄ ነው ይላል። ገበያ ቀዝቅዞ ሳምንት ሙሉ አንድ ቀሚስ ሳይሸጥልኝ ሲቀር ማንም ምን ሆነሽ ነው ያለኝ የለም፤ ሥራዬ ሲቀናልኝ ግን ተጠረጠርኩ። እህቴ «ገበያው ደራ ማለት ነውና ደስ ይበልሽ» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ነገር ግን ጨርቅ በዱቤ ለሰጠኝ ሰው የምከፍልበት ቀን ደርሷል፤ «ገንዘቡ አለ፣ የተያዘ ነው» የሚለውን መልስ ለሦስተኛ ጊዜ ልነግረው አፈርኩ።

ገንዘብ መያዝ ያለ ምክንያት የመጣ አሠራር እንዳልሆነ ይገባኛል። ተያይተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች ሲገበያዩ እጅ በእጅ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ገዢው ቀድሞ መክፈል፣ ወይ ሻጩ ቀድሞ መላክ አለበት፤ የቀደመው ደግሞ ራሱን ለሌላው ታማኝነት አሳልፎ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 ታኦባኦ የተባለው የኢንተርኔት ገበያ በቻይና ሲጀመር አሊፔይ የተባለው የክፍያ አገልግሎት የተፈጠረው ይህንኑ ለመፍታት ነበር፤ ገዢው ገንዘቡን በአደራ ያስቀምጣል፣ ዕቃው ደርሶኛል ብሎ ሲያረጋግጥ ለሻጩ ይለቀቃል። ይህን አሠራር ስመለከት አደራ የሚለው ቃል በትክክል ቦታው ላይ ያረፈ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አደራው መቼ እንደሚያበቃ ሁለቱም ወገኖች ያውቃሉ። የሚከፋኝ ዕቃው ከደረሰና ገዢው ከተደሰተ በኋላ የሚቀጥለው መያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ኤትሲ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የሚሸጡ በርካታ የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ከገቢያቸው 75 በመቶው ለ45 ቀናት ያህል እየተያዘባቸው መሆኑን ሲናገሩ ሰምቼ ነበር፤ ያን ጊዜ ነገሩ የሩቅ ሰዎች ችግር ነበር። አሁን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ እንዲህ የተያዘበት ሻጭ የሚቀጥለውን ልብስ የሚሰፋበት ጨርቅ ሳይገዛ የትናንቱ ጥሩ ሻጭ ሆኖ መቆየት እንደማይችል ነው።

ቅያሪም ከዚህ ያልተናነሰ ፈተና ነው። መጠኑ የጠበባት ሴት አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ስትጠይቀኝ፣ እኔ በምሸጥበት መድረክ ላይ ቅያሪ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ የመጀመሪያው ተመልሶ ገንዘቧ ይመለስና እንደ አዲስ ትገዛለች፤ በዚህ መሀል ያ መጠን ለሌላ ሰው ተሸጦ ይጠብቃታል። ስለዚህ ደጋግመው ከእኔ የገዙ ሲሆኑ አዲሱን ቀድሜ እልካለሁ፤ አሮጌው ባይመጣ ኪሳራው የእኔ ነው። እስካሁን ያልመለሰችልኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

ይህን ሁሉ እየጻፍኩ ከጠረጴዛው ጫፍ ያለውን ካርቶን ላለማየት ስጥር እንደቆየሁ አሁን ታወቀኝ። ተመላሽ ዕቃ ነው፤ ከደረሰ አራት ቀኑ ነው። በደረሰበት ቀን ከፍቼ አይቼው መልሼ ዘጋሁት። ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ነው፤ አጣጥፌ የላክሁበት ስስ ወረቀት እንኳ በሥርዓቱ ተመልሷል። ነገር ግን ከአንገትጌው ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የጣት ውፍረት የሚያህል የፊት ዱቄት መስመር አለ፤ መጠኑ የተጻፈበት ምልክት ደግሞ በነጠላ ክር ተሰፍቷል። እኔ ሁልጊዜ የምሰፋው በድርብ ክር ነው።

ገዢዋ ያለችው በአውሮፓ ኅብረት ነው፤ በዚያ ሕግ ከኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃው ከደረሰው ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ሊመልስ ይችላል። ሱቅ ገብቶ እንደሚሞክረው ሁሉ አውጥቶ መሞከር ይፈቀድለታል፤ ከዚያ አልፎ ተጠቅሞበት ዋጋው ቢቀንስ ግን ሻጩ ልዩነቱን ሊጠይቀው ይችላል። ሻጩም መመለሱ ከተነገረው በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቡን መስጠት አለበት፤ ዕቃው እስኪደርሰው ወይም ገዢው መላኩን እስኪያረጋግጥለት ድረስ ግን ይዞ መቆየት ይችላል። ይችላል የሚለው ቃል ላይ ነው የቆምኩት። ቀሚሱ ደርሶኛልና የምይዝበት ምክንያት የለኝም፤ ከነገረችኝ ዛሬ አሥራ አንደኛው ቀን ነው። የጻፈችልኝ መልእክት አጭር ነው፦ «ወገቡ ላይ ስለጠበበኝ መልሼዋለሁ። ገንዘቤ መቼ እንደሚለቀቅልኝ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

«ገንዘቤ» ብላለች። እኔም በዚህ ሳምንት ለመድረኩ በላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች ውስጥ የጻፍኩት ይህንኑ ቃል ነው፤ መልስ ሳይሰጡኝ የቆዩበት እያንዳንዱ ቀን ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እሷስ አሁን በየሰዓቱ ሂሳቧን እየከፈተች ይሆን?

ቀሚሱን አውጥቼ መብራት ሥር ዘረጋሁት። የፊት ዱቄት ሰው መስታወት ፊት አንድ ጊዜ ሲሞክረው ሊነካው ይችላል፤ ለብሶት አምሽቶም ሊነካው ይችላል። ክሩ ግን ምልክቱ እንደተፈታ ይናገራል፤ ተፈትቶ የተሰፋው ደግሞ ቆርቁሯት ይሁን ወይም ለብሳው ለመውጣት ይሁን እኔ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ብቀንስባት ሕጉ ይፈቅድልኛል፤ ባልቀንስ ሙሉው ገንዘብ፣ ሊወጣ የሚችለው ሂሳቤ ዜሮ ስለሆነ፣ ከባንክ ካርዴ ላይ ይቆረጣል፤ የጨርቁም ዕዳ ለሌላ ሳምንት ይተላለፋል። አራቱን ቀን ሙሉ ያላረጋገጥኩት ይህ ነው፦ ሂሳቤ ባይያዝ ኖሮ ያንን ክር አየው ነበር?