የስኳር ሕመምተኛ እግር የሚሰጣቸው የተሳሳቱ ምልክቶች

ብዙ ሰው ለእግሩ ወደ ሐኪም የሚሄደው ሲያመው ወይም ሲቀዘቅዝበት ነው። ዓይነት 2 ስኳር በሽታ ለዓመታት በቆየበት እግር ላይ ግን በእነዚህ ምልክቶች መተማመን አደገኛ ነው። ቁስል አጥንት ደርሶም ላያም ይችላል። ቆዳው ደም የተራበ እግር በእጅ ሲነካ ሞቅ ብሎ ይገኛል። የደም ግፊት መለኪያው ጤናማ የሚመስል ቁጥር እያሳየ ጣት ሊሞት ይችላል።

ከሕመሙ እንጀምር። ጡንቻ ስኳርን በብዛት ለማስገባት ኢንሱሊን ያስፈልገዋል፤ ነርቭ ግን አያስፈልገውም። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲጨምር በነርቩ ውስጥ ያለውም አብሮ ይጨምራል። ትርፉን ስኳር አልዶዝ ሪዳክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ወደ ሶርቢቶል ይለውጠዋል። ጉዳቱ ሶርቢቶል መከማቸቱ ብቻ አይደለም፤ ለውጡ ኤንኤዲፒኤች የተባለውን ንጥረ ነገር ይጨርሳል። ሕዋሱ ራሱን ከኦክሲጅን ጉዳት የሚከላከልበትን ግሉታታዮን የሚያድሰው ደግሞ በዚሁ ንጥረ ነገር ነው። በተጨማሪም ነርቩን የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ እየወፈረ ይጠባል። ነርቩ ከውስጥ ይጎዳል፣ ከውጭም ምግብ ያጥረዋል።

ጉዳቱ ከእግር ጣት የሚጀምረው በርዝመት ምክንያት ነው። ከወገብ አካባቢ ተነስቶ አውራ ጣት የሚደርሰው የነርቭ ክር አንድ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ከሕዋሱ አካል ተሠርቶ ያን ሁሉ መንገድ መጓዝ አለበት። መደንዘዙ እንደ ካልሲ ከታች ወደ ላይ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ዓይነት 2 ሳይታወቅ ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ አንዳንዱ ሰው ሕመሙ በተነገረው ዕለት ነርቩ ተጎድቶ ይገኛል። በዓይነት 1 ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የነርቭ ጉዳትን በግልጽ ይቀንሳል፤ በዓይነት 2 ግን ጥቅሙ አነስ ያለ ነው፤ የደም ስብና የሰውነት ክብደትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። «ስኳሬ ተስተካክሏል» ማለት «እግሬ ደኅና ነው» ማለት አይደለም።

ሌሊት እግሩ የሚለበልበው ሰው «ደንዝዟል» ሲባል አያምንም። ሁለቱ ግን በአንድ እግር ላይ አብረው ይኖራሉ፤ የተጎዳ ክር ሳይነካ በራሱ የሕመም መልእክት ይልካል፣ ሚስማር ሲወጋው ግን ዝም ይላል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 መጠኑን ቢያስለካ ጥሩ ነው፤ እጥረቱ ተመሳሳይ ስሜት ያመጣል፣ መድኃኒትም አለው።

በጤና ተቋም ስሜት የሚፈተሸው በ10 ግራም ግፊት በሚጎብጥ ቀጭን የናይለን ክርና በ128 ኸርዝ በሚርገበገብ ሹካ መሰል ብረት ነው። ክሩ መጅ ላይ ከተደረገ ውጤቱ ያሳስታል። ቤት ውስጥም መሞከር ይቻላል። ሕመምተኛው ዓይኑን ይጨፍን፤ ሌላ ሰው በጠቋሚ ጣቱ ጫፍ የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ለአንድ ወይም ሁለት ሰከንድ በቀስታ ይንካ፤ መጫንም መደባበስም የለበትም። ከስድስቱ ንክኪዎች ሁለትና ከዚያ በላይ ካልተሰሙ እግሩ መከላከያ ስሜቱን አጥቷል ብሎ መያዝ ይሻላል።

ስሜት ማጣት ብቻውን ግን አያቆስልም፤ ጫና ያስፈልጋል። ጡንቻ የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ሲጎዱ የእግር ትናንሽ ጡንቻዎች ይሟሽሻሉ፣ ጣቶች ይቆለመማሉ። ከጣቶች ሥር ያሉትን የአጥንት ጫፎች የሚሸፍነው የስብ ትራስ ወደ ፊት ይሸሽና አጥንቱ በቀጥታ መሬት ይጫናል። ስኳር የተጣበቀበት ኮላጅን (የጅማት መሥሪያ ፕሮቲን) ደግሞ ባትን ከተረከዝ የሚያገናኘውን ጅማት ያደድረዋል፤ ቁርጭምጭሚት እንደ ልብ ስለማይታጠፍ የእርምጃው ክብደት በፊተኛው የውስጥ እግር ላይ ይወድቃል። ላብ አመንጪ ነርቮች ስለሞቱም ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ መጅ ያበጃል። መጁ ራሱ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው። በሠለጠነ እጅ ሲገፈፍ ከሥሩ ያለው ከፍተኛ ጫና በሩብ ገደማ ይቀንሳል። በምላጭ ራስን መግፈፍና መጅ የሚበላ አሲድ መቀባት ግን ክልክል ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ «አይመከርም» የሚለው ቃል ለዚህ ይለሰልሳል። መጅ ውስጥ ጥቁር ወይም ቀይ ነጥብ ከታየ ከሥሩ ደም ፈሷል፤ ምናልባት ቁስሉም ተከፍቷል።

ወደ ሙቀቱ ስንመጣ፣ የደም ሥሮችን የሚያጠብቡት ነርቮች ሲበላሹ ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በአቋራጭ ያልፋል። እግሩ ሞቅ ይላል፣ ሥሮቹም ገንፈል ብለው ይታያሉ፤ ቆዳውን የሚመግቡት ቀጫጭን ሥሮች ግን በቂ ደም አያገኙም። ቁስል ሳይኖር አንዱ እግር ብቻ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ከሌላው በ2 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ወይም በላይ ከሞቀ፣ ሕመሙ ቀላል ቢሆን እንኳ ሻርኮ የሚባለው የአጥንትና የመገጣጠሚያ መፍረስ መጠርጠር አለበት። ብዙ ጊዜ እንደ ሪህ ወይም እንደ ቆዳ ኢንፌክሽን ይታከማል፤ የመጀመሪያው ራጅም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በዚያ እግር መርገጥ በዚያው ቀን መቆም አለበት፤ በየእርምጃው አጥንት ሊሰበር ይችላልና።

ሦስተኛው አሳሳች ነገር ቁጥር ነው። የቁርጭምጭሚት ግፊት ለክንድ ግፊት ተካፍሎ ከ0.9 በታች ከሆነ የእግር ደም ቧንቧ ጠቧል ማለት ነው። በስኳር ሕመምተኛ ግን የቧንቧው መካከለኛ ግድግዳ በካልሲየም ስለሚደድር መለኪያው ሊጫነው አይችልም፣ ቁጥሩም ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ከ1.3 በላይ ሲሆን መደሰት ሳይሆን መጠራጠር ይገባል፤ በመካከል ያለውም ቁጥር ነፃ አያወጣም። የጣት ቧንቧዎች ከዚህ መደደር ብዙውን ጊዜ ስለሚተርፉ የጣት ግፊት ይበልጥ ይታመናል። ቁስል ያለበት ሰው የጣት ግፊቱ ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ከሆነ ደም ሳይመለስለት የመዳን ዕድሉ ጠባብ ነው፤ የደም ሥር ሐኪም በአስቸኳይ ሊያየው ይገባል።

ቁስሉ ከተከፈተ በኋላ ጽዳት የሚያካሂዱት ማክሮፌጅ የተባሉት ሕዋሳት ወደ ጥገና ሥራ አይሸጋገሩም። ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች አዲስ የተሠራውን ሥጋ መልሰው ያፈርሱታል። ነጭ የደም ሕዋሳት ስለሚደክሙም ኢንፌክሽን ጠልቆ ሳለ ትኩሳት ላይኖር ይችላል። ይህ ሁሉ እያለ የሚረሳው ትልቁ እንቅፋት ግን እርምጃ ነው። ውስጥ እግር ላይ ያለ ቁስል ደም በደንብ እየደረሰው ካልዳነ አብዛኛውን ጊዜ እየተረገጠ ነው። እስከ ጉልበት የሚደርስና ሕመምተኛው ራሱ የማያወልቀው ጀሶ ከተወላቂው የሚሻለው «ለመጸዳጃ ቤት ብቻ» የሚባሉትን እርምጃዎች ስለሚሸፍን ነው። ኢንፌክሽን ለሌለው ቁስል አንቲባዮቲክ መስጠት ፈውሱን አያፋጥነውም።

አዲስ ቁስል የታየ ዕለት በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ በደረቅ ፋሻ ተሸፍኖ፣ እግሩ ሳይረገጥ በ24 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። ጥቁረት፣ መጥፎ ሽታ፣ የሚስፋፋ ቅላት ወይም ትኩሳት ካለ አንድ ሰዓትም መቆየት የለበትም።

ከዳኑት ቁስሎች 40 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ፤ ቆዳው ቢዘጋም ነርቩ፣ ጅማቱና የአጥንቱ ጫፍ እንደነበሩ ናቸውና። ስለዚህ ጫማ ውስጡ ከእግር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይርዘም፤ ከመልበስ በፊት በእጅ ይዳሰስ። የመታጠቢያ ውኃ በቴርሞሜትር ይለካ፣ ከ37 ዲግሪም አይብለጥ። ቅባት በጣቶች መካከል አይግባ። ቁስል ወጥቶበት የሚያውቅ ሰው የቆዳ ሙቀት መለኪያ ካለው የሁለቱን እግሮች ተመሳሳይ ቦታ በየቀኑ ያነጻጽር፤ ልዩነቱ ለሁለት ተከታታይ ቀናት ከ2.2 ዲግሪ ካለፈ መራመዱን ቀንሶ ሐኪሙን ይጥራ፣ ቆዳው ላይ ገና ምንም ባይታይም።