ስትሪመር፣ ሃይ ሬዝ እና የጸናጽሉ ድምፅ

ስትሪመር የሚባለው ሙዚቃ አጫዋች እቃ ያለ ፈጣን ኢንተርኔት አይሰራም የሚለው ወሬ እዚህ ባህር ዳር ብዙ ሙዚቃ ወዳጅ ጥሩ ድምፅ እቤቱ እንዳያስገባ አድርጎታል፣ እኔ ግን ስትሪመሬን ከምንም በላይ የወደድኩት ኢንተርኔት በሌለበት ጊዜ ነው። ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ሃርድ ዲስኬ ላይ ያሉትን አልበሞች ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን እንደ ሪሞት እየተጠቀምኩ አንድ በአንድ እሰማ ነበር፣ ምክንያቱም ራውተሩ ከውጪ ጋር ባይገናኝም እቤት ውስጥ ያሉትን እቃዎች እርስ በርስ ማገናኘቱን አይተውም፣ ስልኩ ስትሪመሩን ያገኘዋል፣ ስትሪመሩ ደሞ ዲስኩን ያነባል፣ በቃ፣ ከዚያ ውጪ የሚፈልገው ነገር የለም።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው፣ ስትሪመር ማለት ሌላ ስራ የሌለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የሙዚቃ ፋይሉን ከዲስክ ወይ ከኢንተርኔት ያነብና ለዳክ ይሰጠዋል፣ ዳኩ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ ይቀይረዋል፣ አምፕሊፋየሩ ያጎላዋል፣ ስፒከሩ ያሰማሃል። የኔው ራስቤሪ ፓይ 4 የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ ላዩ ላይ የዳክ ቦርድ ተሰክቶበታል፣ ኤስዲ ካርዱ ላይ ቮሉሚዮ የሚባለው ሶፍትዌር ተጭኗል፣ ከዚያ በቀይና በነጭ ኬብል ወደ አሮጌው አምፕሊፋየር ይገባል። መገጣጠም የማይፈልግ ሰው እንደ ዊም አይነት ያለቀለት ሳጥን ከውጪ በሚመጣ ዘመድ ማስመጣት ይችላል፣ ስራው ያው ነው። ብሉቱዝ እያለ ለምን ትደክማለህ የሚሉኝ ሰዎች አሉ፣ መልሴ አጭር ነው፣ ብሉቱዝ የተጨመቀውን ሙዚቃ እንደገና ይጨምቀዋል፣ ደሞ ስልክ በተደወለ ቁጥር ዘፈኑ ይቆረጣል፣ ስትሪመሩ ላይ ግን ስልኩ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ድምፁ በሱ በኩል አያልፍም፣ ስልኩን ዘግተህ ገበያ ብትሄድ እንኳ አልበሙ እስከ መጨረሻው ይጫወታል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ሲዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ሲወጣ 16 ቢት እና 44.1 ኪሎኸርዝ ይዞ ነው የወጣው፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱ ልኬት ደሞ በ16 ቢት ይፃፋል። ሃይ ሬዝ የሚባለው ከዚያ በላይ ያለው ነው፣ 24 ቢት በ96 ወይ በ192 ኪሎኸርዝ የሚሉትን አይታችሁ ይሆናል። በሰከንድ ስንት ጊዜ መለካቱ የሚወስነው ምን ያህል ቀጭን ድምፅ መያዝ እንደሚቻል ነው፣ መያዝ የሚችለው የራሱን ግማሽ ድረስ ነው፣ ስለዚህ ሲዲ እስከ 22 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይይዛል፣ የሰው ጆሮ ደሞ በወጣትነቱ ጊዜ እንኳ 20 አካባቢ ያበቃል፣ እድሜ ሲጨመር ደሞ ይወርዳል። ቢቱ የሚወስነው በጣም ዝቅተኛውና በጣም ከፍተኛው ድምፅ መሀል ያለውን ርቀት ነው፣ 16 ቢት ወደ 96 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይሰጣል፣ 24 ቢት በወረቀት ላይ 144።

እስቲ 144ን ይዛችሁ ኑና በሐምሌ እኔ ሳሎን ቁጭ በሉ። ቤቱ ባህር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ዝናቡ ከጣና በኩል ሲመጣ እንኳን የ24 ቢቱ ረቂቅ ድምፅ ዘፋኙ ራሱ አይሰማም። ዝናብ በሌለበት ማታ እንኳ ፍሪጁ አለ፣ የባጃጁ ድምፅ አለ፣ የጎረቤት ውሻ አለ፣ ፀጥ ያለ የሚባል ቤት ከ30 እስከ 40 ዴሲቤል የሚሆን የራሱ ድምፅ አለው። እኛ ቤት ከስትሪመሩም ከዳኩም በላይ ለውጥ ያመጣው ወለሉ ላይ የተነጠፈው ወፍራም ምንጣፍና መስኮቱ ላይ የተሰቀለው ከባድ መጋረጃ ነው፣ ሲሚንቶ ወለልና ባዶ መስታወት ድምፁን እያነጠረ ይመልሰዋል፣ ቃላት ይደበላለቃሉ፣ ስፒከሮቹን ደሞ ከግድግዳው ትንሽ ወደ ፊት ሳስወጣቸው ያ ያስገመግም የነበረው ቤዝ ልክ ገባ። ይሄ ሁሉ ብር አይጠይቅም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ሃይ ሬዝ ዋጋ የለውም ወይ? እንዲህ በቀላሉ አይባልም። መጀመሪያ ግን አንድ የማያከራክር ልዩነት አለ፣ እሱም ባልተጨመቀ ፋይልና በጣም በተጨመቀ ኤምፒስሪ መሀል ያለው ነው፣ ይሄን ለማሳየት ደሞ ከጸናጽል የተሻለ መሳሪያ አላውቅም። አንድ ዲያቆን ጓደኛዬ ዘጌ ላይ በፈቃድ የቀዳው ማህሌት አለኝ፣ ዋናው ፋይል 24 ቢት ነው፣ እሱኑ ወደ 128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ቀይሬ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። በዋናው ላይ ሊቃውንቱ ጸናጽሉን ወደ ታች ሲሰብቁት ብረቶቹ አንድ ላይ ሲወድቁ ይሰማል፣ ከዚያ ትንንሾቹ ቅጠሎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሰዓት ሲረጋጉ፣ ከግራ ያለው ከቀኙ ትንሽ ሲቀድም፣ ከበሮው ሲመታ ቆዳው መጀመሪያ ጠቅ ይላል ከዚያ ሆዱ ያስተጋባል። በ128ቱ ላይ ያ ሁሉ ብረት አንድ ላይ ተደርቦ ሽሽሽ የሚል ውሃ ነገር ሆኗል፣ ከበሮው ከመመታቱ በፊት እንኳ ትንሽ ጭጋግ ይቀድመዋል፣ ምክንያቱም ኤምፒስሪ ድምፁን በትንንሽ ቁራጭ እየከፈለ ነው የሚጨምቀው፣ በአንድ ቁራጭ ውስጥ ድንገተኛ ምት ሲገጥመው ስህተቱን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይበትነዋል። ይሄን ለመስማት ጆሮው የሰለጠነ መሆን የለበትም፣ እናቴ ናት መጀመሪያ የነገረችኝ፣ "ይኸኛው ጸናጽል ነው፣ ያኛው ግን የምን ድምፅ ነው ልጄ?" አለች።

ከዚያ በላይ ስትወጣ ግን ነገሩ እየጠበበ ይሄዳል። ያንኑ ማህሌት በሲዲ ጥራት እና በ24 ቢት 96 አድርጌ እህቴ እየቀያየረች እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ፣ ሁለቱን በእርግጠኝነት መለየት አልቻልኩም፣ ይሄንን ደሞ ሰው ሁሉ እቤቱ እንዲሞክረው እመክራለሁ፣ ብቻ የሁለቱ ድምፅ መጠን እኩል መሆኑን አረጋግጡ፣ ምክንያቱም በትንሹ ከፍ ያለው ሁሌም የተሻለ ይመስላል። ጥናቶቹም በዚሁ አካባቢ ናቸው፣ በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሜየርና ሞራን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ባሳተሙት ሙከራ አድማጮች ሃይ ሬዙን ወደ ሲዲ ጥራት ከወረደው መለየት አልቻሉም፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ደሞ ለንደን ውስጥ ጆሹዋ ራይስ ብዙ ሙከራዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ ሲያያቸው ትንሽ ግን እውነተኛ የሆነ የመለየት ችሎታ አገኘ፣ በተለይ የሰለጠኑ አድማጮች ላይ። ትንሽ። ለዚያች ትንሽ ስንት ጊጋ ትከፍላለህ ነው ጥያቄው፣ 320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ በሰዓት 144 ሜጋባይት ይበላል፣ ሲዲ ጥራት ፍላክ (ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ የሚጨምቅ የፋይል አይነት) ወደ 400 ሜጋ ይጠጋል፣ 24 ቢት 96 ፍላክ ግን በሰዓት ከ1 ጊጋ በላይ ነው፣ ፓኬጅ እየገዛን በምንሰማበት አገር ይሄ ቀልድ አይደለም። አፕል ሙዚቃ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሎስለስ፣ ማለትም ምንም ያልተቀነሰበት ድምፅ አለው፣ ታይዳልም ኮቡዝም በፍላክ ያጫውታሉ፣ ካርድ ያለው ሰው ደስ ይበለው፣ እኔ ግን ሲዲ ጥራት ላይ አቁሜ አንዴ አውርጄ ለዘላለም መስማቱን መርጫለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚያናድደኝ የውሸት ሃይ ሬዝ ነው። ፍላሽ ላይ ሙዚቃ የሚጭኑ ልጆች አሁን አሁን "ጋሼ፣ ፍላክ አለን፣ 24 ቢት ነው" ማለት ጀምረዋል፣ ልጆቹ ላይ አልፈርድም፣ እነሱም የተሰጣቸውን ነው የሚሸጡት። አንድ ሙሉ ፎልደር ይዤ መጣሁና ስፔክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፈትኩት፣ ይሄ ፕሮግራም የድምፁን ፎቶ ያሳይሃል፣ ከታች ወፍራሙ ከላይ ቀጭኑ። ፋይሉ 96 ኪሎኸርዝ ነኝ ስለሚል ሰንጠረዡ እስከ 48 ድረስ ይሄዳል፣ ግን ቀለሙ 16 ላይ ሲደርስ በማስመሪያ እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ከዚያ በላይ እስከ ላይ ድረስ ጥቁር፣ ምንም የለም። ከዩቲዩብ የወረደ ወይ ዝቅተኛ ኤምፒስሪ የነበረ ነገር ነው፣ ወደ ፍላክ ተቀይሮ ስም ወጣለት። አንድ ጣሳ ጠላ ትልቅ ጋን ውስጥ ብትገለብጠው ጋን ሙሉ ጠላ አይሆንም። የፋይሉ ስም እና ስትሪመሩ ስክሪን ላይ የሚበራው ቁጥር ስለ ጋኑ ነው የሚነግርህ፣ ስለዚህ ማንም ሰው ለሃይ ሬዝ ብር ከመክፈሉ በፊት አንድ ዘፈን ወስዶ በስፔክ ይየው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የድሮ ዘፈኖቻችን ጉዳይ ደሞ ለብቻው ነው። አምሃ ሪከርድስ በ1961 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ ያሳተማቸው ሸክላዎች በጥሩ ማግኔቲክ ቴፕ ተቀድተው የወጡ ናቸው፣ ከዋናው ቴፕ ወይም ካልተጫረ ሸክላ በጥንቃቄ የተገለበጠ ካገኘህ በሃይፋይ ስትሰማው ሳክስፎኑ ከፊትህ የቆመ ነው የሚመስለው። ከዚያ የካሴት ዘመን መጣ፣ ካሴት ያለ ዶልቢ (ሹክሹክታውን የሚቀንሰው ዘዴ) ከ50 እስከ 60 ዴሲቤል ነው የሚሰጠው፣ እሱም ካሴት ከካሴት እየተገለበጠ ቤታችን እስኪደርስ ድረስ ይጎዳል፣ እንዲህ ያለውን ቅጂ በ24 ቢት 192 ብታስቀምጠው በትልቁ የተቀመጠ የካሴት ሹክሹክታ ነው። እኔ እንዲያውም ካሴቱን አልጠላውም፣ ልጅነቴ ነው፣ ግን የምፈልገው ነገር የትኛው ቅጂ ከየትኛው ምንጭ መጣ የሚለውን ነው፣ አንድ ዘፈን አራት ቅጂ ካለው አራቱንም ሰምቼ አንዱን አስቀምጣለሁ፣ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው ቁጥሩ ትልቁ ሳይሆን ድምፁ ያልተጨፈለቀው ነው። በቅርቡ እንደገና የወጡ አንዳንድ ቅጂዎች በጣም እንዲጮሁ ተብለው ከፍና ዝቅ ማለታቸው ጠፍቷል፣ ለስልክ ስፒከር ይሆናል፣ ሳሎን ውስጥ ግን አስር ደቂቃ ላይ ይደክምሃል።

መብራትን ሳላነሳ ባልፍ ይቀየሙኛል። ራስቤሪ ፓይ መብራት ድንገት ሲሄድበት ኤስዲ ካርዱ ላይ እየፃፈ ከሆነ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል፣ ስለዚህ የካርዱን ኮፒ ሌላ ካርድ ላይ አስቀምጡ፣ ሙዚቃውን ደሞ በጭራሽ እዛው ካርድ ላይ አታድርጉ። ፓዩ የሚፈልገው 5 ቮልት 3 አምፔር ነው፣ ቻርጅ እየተደረገ ኃይል የሚሰጥ ጥሩ ፓወር ባንክ ይይዘዋል፣ ለራውተሩ ትንሿ ዩፒኤስ አለች። አምፕሊፋየሩ ነው ችግሩ፣ 220 ቮልት ይፈልጋል፣ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሲል ደሞ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው፣ ያለ ስታቢላይዘር አትሰኩት። ቤታቸው ሶላር ባትሪ ያላቸው ሰዎች በ12 ወይ በ24 ቮልት የሚሰሩ ትንንሽ ክላስ ዲ የሚባሉ ኃይል ቆጣቢ አምፕሊፋየሮች ቢያዩ ጥሩ ነው፣ ስፒከሩ ብዙ ኃይል የማይፈልግ ከሆነ መብራት በሌለበት ማታ ሙሉ ሙዚቃ ይሰማል።

እና 24 ቢት ለማን ነው ካላችሁ፣ ለሚቀዳ ሰው ነው። አንድ ማሲንቆ የሚጫወት ልጅ አለ፣ እሱን ለመቅዳት ስንቀመጥ ሁሌም 24 ቢት በ48 ነው የምናደርገው፣ ምክንያቱም አዝማሪ ቀስ ብሎ ጀምሮ ግጥሙ ሲሞቅለት በአንዴ ይጮሃል፣ በ16 ቢት ከሆነ ወይ ጩኸቱ እንዳይሰነጠቅ ድምፁን በጣም ዝቅ አድርገህ ትቀዳና ዝቅተኛው ክፍል ከጫጫታው ጋር ይቀላቀላል፣ ወይ ደሞ ከፍ ታደርግና ጩኸቱ ይቆረጣል። በ24 ቢት ግን ብዙ ቦታ ትተህ ትቀዳለህ፣ በኋላ ስታነሳው ከስሩ ምንም አይጎድልም። የመጨረሻውን ቅጂ ስሰማው የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ ሲነካ፣ ገና ድምፅ ሳይሆን በፊት፣ ያቺ ትንሽ ፍትግ የምትል ነገር ትሰማለች፣ ጣቱ ሲንሸራተትም እንዲሁ፣ ለዚህች ነው ይሄን ሁሉ እቃ የሰበሰብኩት።

ስለዚህ ሰርግ ላይ፣ ማህሌት ላይ፣ አዝማሪ ቤት የምትቀዱ ልጆች እባካችሁ መቅጃችሁን 24 ቢት ላይ አድርጉት፣ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ ለሰው ስትልኩ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ ሳይሆን እንደ ፋይል አያይዛችሁ ላኩ፣ የድምፅ መልእክቱ ለንግግር ተብሎ በጣም ይጨመቃል። እኔ በቀጣዩ ሳምንት የማሲንቆውን ልጅ ሐይቁ ዳር ካለው ጫጫታ ራቅ ብለን፣ ምንጣፍ ያለበት ክፍል ውስጥ እንደገና ልቀዳው ነው፣ ትዝታና አምባሰልን ጨርሰናል፣ ባቲና አንቺሆዬ ይቀሩናል።