አይጧን ሳትጠይቁ ቁጥሩን አትመኑ

ስለ ካንሰር ስቴም ሴል፣ ማለትም ካንሰርን እንደ አዲስ ያስነሳሉ ስለሚባሉት ጥቂት ሕዋሳት፣ በራሴ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አንድን የምርምር ጽሑፍ ከርዕሱ እስከ መጨረሻው ሠንጠረዥ ያለ አስረጂ የጨረስኩት በዚህ ሳምንት ነው። እናንተም በዚሁ መንገድ ላይ ስላላችሁ ላካፍላችሁ።

መነሻውን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 በቶሮንቶ የጆን ዲክ ቡድን ከደም ካንሰር ታማሚዎች የወሰዳቸውን ሕዋሳት ለአይጦች ሰጥቶ፣ በሽታውን እንደገና የሚያስነሱት ጥቂቶቹ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ኬሞቴራፒ በይበልጥ የሚገድለው እየተባዙ ያሉትን ነው፤ ሳይባዙ የተኙት ከተረፉ ካንሰሩ ያገረሻል። ይህ ብዙ አያስቸግርም።

መከራዬን ያበላችኝ አይጧ ናት። በ2003 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጡት ካንሰር ሕዋሳትን ላያቸው ላይ ባለው ፕሮቲን ለዩ። ሲዲ 44 ኖሯቸው ሲዲ 24 የሌላቸው ወይም ያነሳቸው 100 ሕዋሳት ዕጢ አበቀሉ፤ ከሌሎቹ ግን በአስር ሺዎች ቢወጋም አልበቀለም። ነገሩ ያለቀለት መሰለኝ። ቀጥሎ የ2008ቱን ከፈትኩ፤ ዩኒቨርሲቲው ያው ነው፣ የተመራማሪው የሾን ሞሪሰን ስምም በሁለቱም ላይ አለ። ከአራት ታማሚዎች የተወሰዱ የሜላኖማ ሕዋሳት፣ ሳይመረጡ፣ አንድ አንድ እየሆኑ ሲወጉ በአማካይ ከመቶ 27ቱ ዕጢ ሆኑ! ምን ተለወጠ? አይጧ የመከላከል አቅሟ ይበልጥ የተዳከመ ነበር፣ ሕዋሱ እንዲይዝና እንዲያድግ ከሚረዳው ማትሪጄል ከተባለ ዝልግልግ ነገር ጋር ተቀላቅሏል፣ ክትትሉም ረዝሟል። ሕዋሱን ብርቅ ያስመሰለችው፣ ቢያንስ በሜላኖማ፣ አይጧ ነበረች ማለት ነው።

ስቴም ሴልን ለማስረዳት «ሰርዶ ከሥሩ ካልተነቀለ» የሚሉ አሉ። ሰርዶ ያረመ ሰው ግን ከየአንጓው እንደሚያቆጠቁጥ ያውቃል፤ ምሳሌው የሚመቸው ለ2008ቱ ነው።

ስለዚህ በተንቀሳቃሽ ሥዕል የተሠሩትን ማብራሪያዎች ተዉአቸው፤ አምረው ያታልላሉ። ደብተር አስምሩ። መደምደሚያውን ከማንበባችሁ በፊት የትኛው ዓይነት አይጥ፣ ስንት ሕዋስ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተጠበቀ ጻፉ። ስታቲስቲክሱንም አትዝለሉ እላለሁ፤ እኔ ግን አሁንም እዘለዋለሁ።

አዲስ ጀማሪ ቢጠይቀኝ ከ1994ቱ ሳይሆን ኢማቲኒብ ከተባለው የካንሰር መድኃኒት ጀምር እለዋለሁ፤ የተጠናው ታማሚው ራሱ ነውና። መድኃኒቱ ሥር የሰደደውን የማይሎይድ ደም ካንሰር ለዓመታት ጸጥ ያሰኛል፣ ስቴም ሴሎቹን ግን አጥርቶ አይጨርስም። በ2010 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት በሽታው በምርመራ ያልታየባቸውን ሰዎች በሐኪም ክትትል መድኃኒቱን አስቆመ። ቢያንስ 12 ወር ክትትል ከተደረገላቸው 69 ሰዎች 42ቱ አገረሸባቸው፤ ያገረሸባቸው ሁሉ መድኃኒቱን እንደገና ሲጀምሩ በሽታው ለመድኃኒቱ ተመልሶ ታዘዘ። እኔን የያዘኝ የቀሪዎቹ የ27ቱ ነገር ነው፦ ስቴም ሴሉ ሞቶላቸው ይሆን ወይስ ተኝቶ? ቀጣዩ ንባቤ እዚህ ላይ ነው።